ጎንበስ ይበሉ እንጂ!

የዱር አበባ ለመለየት ስልክ ይበቃል ያሉት ጸሐፊ ጎንበስ ብለው አይተው ያውቁ ይሆን? በእስራኤል መስክ ካላኒት፣ ኑሪትና ፔሬግ ሦስቱም ቀይ ናቸው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ ያመሳስላቸዋል። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። የኑሪትን አበባ ከሥሩ አምስት አረንጓዴ ሽፋኖች ይዘውታል፤ ገጹም ቅቤ እንደ ተቀባ ያብረቀርቃል። ካላኒት አረንጓዴ ሽፋን የለውም፤ ዝቅ ብሎ አገዳው ላይ የተሰነጣጠቁ ቅጠሎች እንደ አንገትጌ ከበውታል። ፔሬግማ ሁለት ሽፋኖቹን ሲፈካ አራግፎ፣ እንደ ተጨማደደ ሐር ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ቀለምም ያታልላል፦ በደቡብ ቀይ የሆነው ካላኒት በሰሜን ነጭና ሐምራዊም ይሆናል። ቀጥፌ ልየው እንዳይሉ ደግሞ፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ጉልበትዎን ካልፈሩ፣ መንበርከክ በነፃ ነው።