ላሊበላ የማን ነው? ማንስ ይጠግነው?

ወገኔ፣ ይሄን ሳታነብ እንዳታልፍ!

11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ተመዘገቡ እንጂ ባለቤት አልቀየሩም። ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት መጠለያ ከአንዳንዶቹ በላይ ቆመ። ለጊዜው ነው ተባለ፤ ግን እዛው ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ "ቅርሳችን ላይ ሊወድቅ ነው" ብሎ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ፈረንሳይ እንደምታግዝ ቃል ገቡ።

እርዳታ አንጠላም። ግን ገንዘብ የሰጠ ሁሉ ወሳኝ መሆን የለበትም። ስለዚህ ማንኛውም የጥገና ውል ሦስት ነገር ይኑረው፦ የቤተ ክርስቲያኗ ይሁንታ፣ በአማርኛ ለሕዝብ ይፋ የሆነ ዕቅድ፣ ለላስታ ልጆች ሥልጠና። ፈረንጁ ሲሄድ ስንጥቁን አይቶ የሚደፍን የራሳችን ሰው ካልቀረ፣ ነገም ለማኝ ነን።

ስንቶቻችን ነን በምህንድስና፣ በአርኪዮሎጂ ተመርቀን ቤት የተቀመጥነው? "የኛ ነው" ብሎ ፎቶ መለጠፍ ቀላል ነው። ባለቤት ግን ይጠይቃል፣ ይማራል፣ ይጠግናል። አንተስ? አንቺስ?

ሼር አድርጉት!