ታብሌት ያረጀ ላፕቶፕን ይተካልን?

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ በርካታ የቆዩ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። በዚህም የተነሳ ላፕቶፑን በታብሌት መተካት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀላል አማራጭ መስሎ ይታያል፤ ለ«መሠረታዊ አገልግሎት» ይበቃል ይባላልና።

ይሁን እንጂ መሠረታዊ የሚባለው አገልግሎት እንደ ጥናቱ ምዕራፍ ይለያያል። ጽሑፍ ለማንበብና በመስክ መረጃ ለመሰብሰብ ታብሌት ይመረጣል፤ ኮቦኮሌክትን የመሰሉ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ኢንተርኔት በሌለበት መጠይቅ ለመሙላትና ኋላ ለመላክ ያስችላሉ። ኤስፒኤስኤስና ስታታ ግን በአንድሮይድም ሆነ በአይፓድ ላይ አይጫኑም። ታብሌት ብቻ ይዞ ትንተና ላይ የደረሰ ተማሪ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ጠባቂ ይሆናል፤ የመረጃ ሰጪዎቹም ምስጢር በዚያው ለሌላ ዓይን ሊጋለጥ ይችላል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት የላፕቶፑ ምርመራ ሊቀድም ይገባል። ዘገምተኛነቱ ከሃርድ ዲስኩ የመነጨ ከሆነ በኤስኤስዲ መቀየር፣ የዊንዶውስ ድጋፍ ያበቃ እንደሆነም ኡቡንቱን መጫን ዕድሜውን ያራዝማል፤ በነጻ የሚገኙት አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራምና ሊብሬኦፊስ በዚያ ላይ ይሠራሉ። ላፕቶፑ ከጥገና በላይ ሲሆን ግን፣ ትንተና የሚጠብቀው ተማሪ በታብሌት ፈንታ መስፈርቱን የሚያሟላ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛ ይበጀዋል። ታብሌት ለንባብና ለመስክ ሥራ ተደራቢ እንጂ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቸኛ መሣሪያ ሊሆን አይገባም።