ለምናልባት የተጫነ ሞጁል

የዌብ ሰርቨር ሞጁል ለሰርቨሩ አንድ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ የፕሮግራም ክፍል ነው። አንዱ ግንኙነትን ያመሰጥራል፣ አንዱ ገጽን ጨምቆ ይልካል፣ አንዱ የፒኤችፒ ኮድ ያስኬዳል፣ ሌላው የተጠየቀውን አድራሻ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራል። እነዚህ ክፍሎች ከሰርቨሩ ጋር በአንድነት ኮምፓይል ተደርገው ሊዘጋጁ ይችላሉ፤ አለዚያም በየራሳቸው ፋይል ተቀምጠው ሰርቨሩ ሲነሳ ወደ ሜሞሪ ይጫናሉ። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ሁለተኛው መንገድ ነው፤ መንገዱ ራሱም ደግ ነው። ነቀፋ የሚገባው በዙሪያው የበቀለው ልማድ ነው። መጫን ቀላል ስለሆነ የተገኘው ሁሉ ይጫናል፣ ያልተጠራ ሞጁል ምንም አያስከፍልም ተብሎ ይታመናል፣ አንዴ የገባውም ዳግመኛ አይመረመርም። ልማዱ በየአገሩ አለ። ማሽኑ አነስተኛ፣ ባለሙያው አንድ፣ መብራቱም የሚቆራረጥ በሆነበት ቦታ ግን፣ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ አዲስ አበባን በከበቡ ከተሞች፣ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ሞጁሎችን ለያይቶ የመጫን ሐሳብ የመጣው ለመቀነስ ነበር። አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1995 ብቅ ሲል ሮበርት ታው የነደፈው አወቃቀር ዋናውን ፕሮግራም አሳንሶ ቀሪውን ሥራ ለሞጁሎች አከፋፈለ። ያኔ አንድ ሞጁል ለመጨመር ሰርቨሩን እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አፓቺ 1.3 ሞጁልን ከፋይል የመጫን ስልትን አስፋፋ፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ሎድሞጁል» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ወይም መሰረዝ በቂ ሆነ። ሌላው ዌብ ሰርቨር ኢንጂንኤክስ ወደዚሁ ስልት የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በ1.9.11 እትም ነው። የስልቱ ትልቁ ጥቅም አንድ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለሁሉም ሰው ማደል መቻሉና እያንዳንዱ ሰው የማያስፈልገውን መተው መቻሉ ነው። የአፓቺ መመሪያ ዋጋውንም አልደበቀም፦ ሰርቨሩ ሲነሳ 20 በመቶ ገደማ፣ በአንዳንድ ሲስተሞች ላይ ደግሞ በሥራ ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሊዘገይ እንደሚችል ጽፏል። ይህ ዋጋ የሚከፈለው ለመተው ነፃነት ነው። ማንም ምንም የማይተው ከሆነ ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው ሳይወሰድ ቀረ ማለት ነው።

በተግባር የሆነውም ይኸው ነው። ሴንትኦኤስ 7 በተባለው ሊኑክስ ላይ አፓቺ ሲጫን ማንም ሳይጠይቃቸው የሉዋ፣ የዳቭ፣ የፕሮክሲና የሲጂአይ ሞጁሎች አብረው ይነሱ ነበር። አንድ ተራ የትምህርት ቤት ድረ ገጽ ከአራቱ አንዱንም ላይፈልግ ይችላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ቁጥብ ናቸው፤ ያሉትን ሞጁሎች በአንድ ማህደር፣ የበሩትን በሌላ ማህደር ለይተው ያስቀምጣሉ። ሆኖም እነሱም ቢሆኑ የሰርቨሩን ሁኔታ የሚያሳየውንና የማህደር ይዘትን የሚዘረዝረውን ሞጁል ከመጀመሪያው አብርተው ነው የሚያስረክቡት። በየኮሌጁ ተማሪው ዌብ ሰርቨርን የሚተዋወቅበት ኤግዛምፕ ደግሞ ለልምምድ ታስቦ ብዙ ነገር ከፍቶ የሚመጣ ጥቅል ነው። ለልምምድ ያ ተገቢ ነው። ያ ማዋቀሪያ ፋይል ተገልብጦ ለሕዝብ ወደሚያገለግል ሰርቨር ሲሄድ ግን ችግሩ ይጀምራል።

«ያልተጠራ ሞጁል አይጎዳም» የሚለው እምነት ከልማዱ ሥሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ታሪክም በግልጽ አፍርሶታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 «ኮድ ሬድ» የተባለው ትል ከ359,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ከ14 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያዘ። የገባበት ቀዳዳ የማይክሮሶፍት ሰርቨር ልብ ውስጥ አልነበረም። ከኢንዴክስ አገልግሎት ጋር በተያያዘ አንድ ተጨማሪ ፋይል ውስጥ ነበር። ይህ ፋይል ከሰርቨሩ ጋር ሳይጠየቅ የሚመጣ ሲሆን፣ የኢንዴክስ አገልግሎቱ ራሱ ባይሠራም እንኳ ትስስሩ እስካለ ድረስ ጥያቄ ይቀበል ነበር። ከተጠቁት ማሽኖች የብዙዎቹ ባለቤቶች ያንን አገልግሎት ተጠቅመውበት ላያውቁ ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ከዚያ በኋላ ያወጣው የ2003 ሰርቨር ተጨማሪዎችን ዘግቶ የሚጀምር ሆነ፤ አስተዳዳሪው የሚፈልገውን በስሙ እየጠራ ይከፍታል። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን ከባድ ነው።

የአፓቺም ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በ2.4.49 እትም ላይ ሲቪኢ-2021-41773 የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ጥበቃው በላላ ማዋቀሪያ ላይ ከተፈቀደው ማህደር ውጭ ያለ ፋይልን ለማንበብ ያስችል ነበር። ይህ ብቻውን መጥፎ ነው። ውጫዊ ፕሮግራም የሚያስኬደው የሲጂአይ ሞጁል በተጫነበትና በሩ በተከፈተበት ሰርቨር ላይ ግን ያው ቀዳዳ ከማንበብ አልፎ በማሽኑ ላይ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ሆነ። በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው ልዩነት ምናልባት ማንም ያልተጠቀመበት አንድ ሞጁል ነው። እርግጥ ነው፣ የተጫነ ሞጁል ሁሉ የተከፈተ በር አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሉዋ ሞጁል ላይ የተገኘው ቀዳዳ የሚጎዳው የተወሰነ ተግባርን የሚጠራ ስክሪፕት ባለበት ብቻ ነበር። ነገር ግን የትኛው ቀዳዳ የትኛውን ሁኔታ እንደሚጠብቅ ማስታወቂያ እያነበበ የሚለይ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የለም። የሌለ ሞጁልን ማስታወቂያ ማንበብ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት ሞጁል በራሱ ፋይል ስለተቀመጠ ከሰርቨሩ ተለይቶ የሚኖር ነው የሚለው ነው። ፋይሉ የተለየ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ ነው። ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ ሞጁሉ የሰርቨሩን ሜሞሪና ሥልጣን ይጋራል፤ በመካከላቸው ምንም ግድግዳ የለም፤ ሞጁል ደባል እንጂ ጎረቤት አይደለም። ሰርቨሩ ያመሰጠረበትን ቁልፍ ሊያይ ይችላል፣ የሚላከውን ገጽ ሊለውጥ ይችላል፣ ሲወድቅም ያለበትን ፕሮሰስ ይዞ ይወድቃል። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ይፋ ያደረገው «ቻፕሮ» ይህንን በሚገባ የተጠቀመ ተንኮል ነበር። አጥቂዎቹ የሰርቨሩን ፕሮግራም አልነኩም፤ አንድ ሞጁል ጨመሩ፣ በቃ። ሞጁሉ ለጎብኚዎች በሚላኩ ገጾች ውስጥ ጎጂ ኮድ ያስገባ ነበር፤ በኤስኤስኤች ገብቶ የሚሠራ አስተዳዳሪ ከመጣበት አድራሻ ሲጠየቅ ግን ንጹሑን ገጽ ያሳይ ነበር። አስተዳዳሪው ገጹን ከፍቶ ቢያይ ምንም አያገኝም። ሊያገኝ የሚችለው የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር ሲያነብ ነው። ዝርዝሩ 20 መስመር ሆኖ እያንዳንዱ መስመር የሚታወቅ ከሆነ ባዕዱ ወዲያው ይለያል። ሰባ መስመር ሆኖ ከሰባው ሃምሳው ለምን እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ ሰባ አንደኛው ማንንም አያስደነግጥም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዓይነት ከተሞች ልማዱ የሚያስከትለው ሌላ ጉዳት አለ፤ ከአጥቂ ጋር ግን አይገናኝም። ሰርቨር አንዴ ከተነሳ የጫናቸው ሞጁሎች በሜሞሪ ውስጥ ናቸው። የሲስተም ማሻሻያ ሲገባ በዲስክ ላይ ያለው ፋይል ይለወጣል፤ እየሠራ ያለው ሰርቨር ግን ዳግም እስኪነሳ የቀድሞውን ይዞ ይቀጥላል። አፓቺና ኢንጂንኤክስ ሞጁል ሲጭኑ ከራሳቸው ጋር መግጠሙን ይፈትሻሉ፤ ካልገጠመ ሰርቨሩ አይነሳም። ፍተሻው ተገቢ ነው፤ የሚደረገው ግን በመነሻ ሰዓት ነው። ከዋናው ጥቅል ውጭ የመጣ፣ በእጅ ኮምፓይል የተደረገ ሞጁል ካለ ሰርቨሩ በማሻሻያ ወደ አዲስ እትም ሲሄድ ሞጁሉ በአሮጌው ይቀራል። የድሮው ፕሮሰስ እየሠራ ከቀጠለ ለሳምንታት ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ ዩፒኤሱ ይጨርሳል፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል፣ ዌብ ሰርቨሩ ግን አልነሳም ይላል። ስህተቱ የተሠራው ከሳምንታት በፊት ነው፤ የታየው ግን ሌሊት፣ ሰው በሌለበት ነው። መብራት በማይቆራረጥበት ከተማ ይህ በዓመት አንዴ የሚገጥም ነገር ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሰርቨሩ በግድ ዳግም የሚነሳው አስተዳዳሪው ከሚያስበው በላይ ደጋግሞ ነው፤ እያንዳንዱ ትርፍ ሞጁልም የመነሻውን ፈተና ያከብደዋል። የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ባለሙያ ፕሪንተር የሚጠግነውም፣ ኔትወርክ የሚዘረጋውም እሱው ብቻ ሲሆን ሰርቨሩ ጠዋት ሥራ እስኪጀመር እንደተኛ ይቆያል።

ውርስም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች በአዲሱ ሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ። መሥሪያ ቤቶች ሲዋሃዱ፣ ስማቸው ሲለወጥ፣ ሠራተኛ ሲዘዋወር ማሽኖችና ማዋቀሪያ ፋይሎች ካለፈው ወደ አዲሱ ይተላለፋሉ። ፋይሉ ምን እንደተጫነ ይናገራል፤ ለምን እንደተጫነ አይናገርም። ወራሹ ሰው የማያውቀውን መስመር ለመሰረዝ ይፈራል፤ ፍርሃቱም አግባብ አለው፣ ምክንያቱም የተሰረዘው ሞጁል የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ በሆነ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ሰርቨሩ አልነሳም ይላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ከትርፍ ሞጁሎች ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለው ፒኤችፒን በአፓቺ ሆድ ውስጥ የሚጭነው ነው። በተለመደው አዘገጃጀቱ አፓቺን ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ በሚመድበው አሮጌ አሠራር ላይ ያስረዋል። ፎቶ ወይም ሎጎ ብቻ የሚልክ ፕሮሰስ እንኳ የፒኤችፒን አስተርጓሚ ተሸክሞ ይቀመጣል። አንዱ ፕሮሰስ 40 ሜጋባይት ቢይዝ 25 ፕሮሰሶች 1 ጊጋባይት ይጨርሳሉ፤ በርካሽ የሚከራይ ሰርቨር ሜሞሪው ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ከአፓቺ 2.4.27 ጀምሮ ደግሞ ኤችቲቲፒ 2 በዚህ አሠራር ላይ አይሠራም፤ ቀርፋፋ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ያለ ተጠቃሚ ሊያገኝ የሚችለውን ፍጥነት ያጣል። መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፦ ፒኤችፒን በራሱ ፕሮሰስ የሚያስኬደው ኤፍፒኤም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከፒኤችፒ ጋር አብሮ ይመጣል። ሆኖም ብዙ መማሪያዎች ዛሬም የሚያስተምሩት የድሮውን ነው፤ አንድ መስመር ስለሚበቃው።

«ሞጁሉ ካለ ይህን አድርግ» የሚለው የማዋቀሪያ አጻጻፍ፣ ኢፍሞጁል የሚባለው፣ የዚሁ ልማድ ልጅ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊወገዝ የሚገባውም እሱ ነው። ሞጁሉ ከሌለ በውስጡ ያለው ትእዛዝ በዝምታ ይታለፋል። የትኛው ሞጁል እንዳለ ለማያውቅ ሰው ምቹ ነው፤ ነገር ግን ጥበቃን በዝምታ ያጠፋል። ጎብኚዎች ፋይል በሚሰቅሉበት ማህደር ውስጥ ፒኤችፒ እንዳይሠራ የሚከለክል ትእዛዝ «የፒኤችፒ 5 ሞጁል ካለ» በሚል ቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር እንበል። ሰርቨሩ ወደ ፒኤችፒ 7 ሲሻሻል የሞጁሉ ስም ይለወጣል፣ በፒኤችፒ 8 እንደገና ይለወጣል፤ ክልከላው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፣ የተሰቀለ ተንኮለኛ ፋይልም መሥራት ይጀምራል። ትእዛዙ ያለ ቅንፍ ቢጻፍ ኖሮ በአዲሱ የፒኤችፒ ሞጁልም መሥራቱን ይቀጥል ነበር፤ ሞጁሉ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ሰርቨሩ ስህተቱን በዚያው ቀን ያሳውቅ ነበር። ለደኅንነት ትእዛዝ ጮኾ መውደቅ ዝም ብሎ ከመጥፋት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ድሮው መመለስ፣ ሁሉንም በአንድ ኮምፓይል ማድረግ ይሻላል የሚል አለ። አይሻልም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በምስጠራ ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ የጋራ ቤተ መጻሕፍት ፋይል የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ጥቅል አሻሽለው ሰርቨሩን ዳግም በማስነሳት ዳኑ፤ ኦፕንኤስኤስኤልን በሰርቨሩ ውስጥ ያዋሃዱት ግን ሁሉንም እንደገና መገንባት ነበረባቸው። አንድ ባለሙያ ብቻ ላለው መሥሪያ ቤት በጥቅል የሚመጣ፣ በጥቅል የሚሻሻል ሞጁል የተሻለ ነው። በእጅ ኮምፓይል የተደረገን ሞጁል ግን እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር ማስገባት ዕዳ ነው፤ ከገባም በእያንዳንዱ ማሻሻያ አብሮ እንዲሠራ የሚከታተለው ሰው በስም መታወቅ አለበት።

ዝርዝሩን ማሳጠር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቀኑም የሥራ ቀን መሆን አለበት። መጀመሪያ ማዋቀሪያው ይገለበጣል። ከዚያ ሰርቨሩ የጫናቸውን ሞጁሎች እንዲዘረዝር ይደረግና ከእያንዳንዱ ጎን የሚጠቀምበት ድረ ገጽ ይጻፋል። ፒኤችፒ ለማያስኬድ አብዛኛው ድረ ገጽ የምስጠራው፣ የመጨመቂያው፣ የአድራሻ መምሪያውና የሄደር ሞጁሎች ከመሠረታዊዎቹ ጋር ይበቃሉ። ተጠቃሚ ያልተገኘለት አንድ በአንድ ይወገዳል፤ በእያንዳንዱ መካከል ማዋቀሪያው ይፈተሻል፣ ሰርቨሩም ሙሉ በሙሉ ቆሞ ይነሳል እንጂ ማዋቀሪያውን እንዲያድስ ብቻ አይታዘዝም። ሁኔታን የሚያሳየው ሞጁል የሚያስፈልግ ከሆነ ከውስጥ አድራሻ ብቻ እንዲታይ ይገደባል። የቀረው እያንዳንዱ የ«ሎድሞጁል» መስመር ከላዩ ማን እንደጠየቀው፣ ለየትኛው ድረ ገጽ እንደሆነና መቼ እንደገባ የሚናገር ማስታወሻ ይኖረዋል። ከእያንዳንዱ የሲስተም ማሻሻያ በኋላም ሰርቨሩ በዚያው ቀን፣ ባለሙያው ፊቱ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ቆሞ ይነሳል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ያንን መረጃ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። የተማሪ ምዝገባ፣ የደንበኛ ዝርዝር ወይም የነዋሪ ማመልከቻ በድረ ገጹ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በሰርቨሩ ውስጥ የትኛው ኮድ ከዚያ መረጃ ጋር አንድ ሜሞሪ እንደሚጋራ መናገር ካልቻለ ግዴታውን እየተወጣ ነው ማለት አይቻልም።