ርእሰ አንቀጽ፦ ደረጃው የሁላችን፣ ልጁም የሁላችን



እንደሚታወቀው የምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ሊፍት የለውም። ከምድር ቤት እስከ አራተኛው ፎቅ የምንወጣውም የምንወርደውም በደረጃ ነው። ጀሪካኑ፣ ሲሊንደሩ፣ የጤፉ ጆንያ ሁሉ በዚሁ ያልፋል። ልጆቻችንም መዳህ ሲጀምሩ ከበር ብቅ እንዳሉ የሚያገኙት ይህንኑ ደረጃ ነው።

ታዲያ ደረጃችን በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? በየብሎኩ ተዘዋውረን እንዳየነው በብዙ ቦታ የመደገፊያው ብረት ተነቅሏል፤ አምፑል ተቃጥሎ የሚተካው የለም፤ በየመታጠፊያው ከሰልና አሮጌ ዕቃ ተከምሯል። ይህ ሲነሣ «እኔ ልጅ የለኝም፣ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ከየቤታችን ውጪ ያለውን የሕንፃ ክፍል ሁሉ የባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎታል። ደረጃው የእገሌ ወይም የእገሊት አይደለም ማለት ነው። አረጋውያንም፣ ነፍሰ ጡሮችም የሚይዙት ይህንኑ ብረት ነው።

የልጅ መውደቅ «ያጋጥማል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 47,000 የሚጠጉ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወጣቶች በመውደቅ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ገልጸዋል። ይኸው ሪፖርት አብዛኛውን የልጆች አደጋ መከላከል እንደሚቻልም ያስረዳል።

ምን እናድርግ? መጀመሪያ ብረቱን እንመልከት። በእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚኖሩበት ቤት በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ማሳለፍ የለበትም። የተማሪ ማስመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲሶውን ይዛችሁ ብትለኩ ይበቃል። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ የልጅ ገላ ሊሾልክ፣ ጭንቅላቱም ሊቀረቀር ይችላል። ብረቱ አግድም የተበየደ ከሆነ ደግሞ ለልጅ መሰላል ነው፤ ከውስጥ በኩል ላሜራ ቢለበስ ይሻላል።

በቤታችሁ ውስጥ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣ ደረጃ ያላችሁ፣ ከላይም ከታችም አጭር መዝጊያ አሠሩ። የላይኛው መዝጊያ በፊሸርና በቡሎን ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት፤ ተወጥሮ ብቻ የሚቆመው ልጅ ሲደገፍበት አብሮት ሊወድቅ ይችላል። ልጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው መዝጊያው አይነሣ። እስከዚያው ግን በሆዱ ተኝቶ፣ እግሩን አስቀድሞ ወደ ኋላ መውረድን እየያዛችሁ አለማምዱት።

«ዎከር» የሚባለውን ባለ ጎማ መቀመጫ በተመለከተ፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭምር ከልክላለች፤ ዋነኛው ምክንያት ሕፃናትን ከነመቀመጫው ከደረጃ እየጣለ መጉዳቱ ነበር። ደረጃ ባለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል። ልጅ አዝላችሁ ስትወርዱም አንድ እጃችሁ ብረቱን ይያዝ፤ ጀሪካኑ ሌላ ዙር ይጠብቅ። ውኃ ያፈሰሰም ሳይጠርግ አይለፍ።

እንግዲህ ልጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ አትነቅንቁት፤ ወጌሻ ጋም አትውሰዱት። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ያለ ወትሮው እንቅልፍ ከተጫነው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውኃ ከወጣ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይድረስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ማኅበራችን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ብሎክ የጎደለውን ብረትና አምፑል ቆጥሮ ይምጣ፤ በያጅ ጠርተን ዋጋውን በጋራ እንሸፍን። ቤታቸውን ያከራዩ ባለቤቶች «እኛ እዚያ አንኖርም» ሊሉ አይገባም፤ ኪራዩን እንደሚቀበሉ ሁሉ መዋጮውንም ይክፈሉ። ተከራዮችም ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ፤ በደረጃው የሚመላለሱት የእናንተ ልጆች ናቸውና። በመታጠፊያው ላይ ዕቃ ያስቀመጣችሁ ግን ስብሰባ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ አንሡ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን የምናዋጣ ጎረቤቶች፣ ለጥቂት ሜትር ብረት አናንስም። ማዋጣቱም ልጅ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ዛሬ መሆን አለበት እንላለን።