ጓሮውን የሚያለማ ሰው አፈሩን ይወቅ

ብዙ ሰው የጎረቤቱ ጓሮ አምሮ ባየ ጊዜ ያንኑ ዘር በዚያው ልማድ ይዘራል፤ ሳይበቅል ሲቀርም ዘሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን መሬትን ካለማወቅ የመጣ ነው። ቀይ አፈር ውሃን ቶሎ ያሳልፋል፤ በተዳፋት ላይም በጎርፍ ይታጠባል፤ ስለዚህ እርከንና ፍግ ይሻል። መረሬ ግን በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ ሥሩን ያበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። የመረሬ ባለቤት እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን መውጫ ሊያስብ ይገባዋል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አገር ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመካከሉም ቦይ ይተዋሉ፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ዘሩ በመደቡ ላይ ይድናል።

ይህ ድካም ይበዛል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሰኔ ቦይ መቅደድን የሰነፈ ሰው ጎመኑ በነሐሴ ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልጆቹም በመስከረም ከጓሮው የሚበሉትን ያጣሉ። ስለዚህ ብልህ ሰው ዶማ ከማንሣቱ በፊት አፈሩን በእጁ ይዝገን፤ ዝናም ካባራ በኋላም ውሃው የሚቆምበትን ስፍራ ይመልከት። መሬት ጠባይዋን ለሚያውቅላት ሰው ፍሬዋን አትነፍግምና።