ለዐውደ ዓመት የምንሰጠው ሥዕል

ዘመን በዘመን ተተካ። የክረምቱ ጨለማ ተገፎ ሜዳውና ጋራው አደይ አበባ ሲጎናጸፍ፣ በየቤቱ ወለሉ ይጠረጋል፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። የቤቲቱ እመቤት ግድግዳውን ለመለቅለቅ ስትነሣ፣ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የከረመውን ሥዕል አውርዳ አቧራውን ትጠርጋለች። ከዚያም ለአፍታ ቆማ ታስባለች። ይኸው ሥዕል ወደ ቦታው ይመለስ? ወይስ በሌላ ይተካ? ከሩቅ የመጣ ዘመድስ በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሥዕል ልስጥ ቢል፣ ምን ዓይነቱን ይምረጥ? ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለዛሬ ጽሑፋችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ነገር፣ ልጆቻችን ዓይናቸውን ከገለጡበት ቀን ጀምሮ ሳይማሩ የሚያነቡት መጽሐፍ ነውና።

ነገሩን ከደብረ ኤልያስ እንጀምር። በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ይህች ሥፍራ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። የ“ፍቅር እስከ መቃብር” ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ሥፍራዎች አንዷ እርሷ ናት። እንግዲህ ከዚያ ወጥቶ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ልጅ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል አልፎ፣ ለቅዱስ ዮሐንስ እናቱ ዘንድ ሊገባ ተነሣ እንበል። ሻንጣው ውስጥ ስኳርና ቡና፣ ነጠላም አለ። ከዚህ ሌላ ግድግዳዋን የሚያስጌጥ አንድ ሥዕል ሊጨምርላት ወደደ። በስጦታ ዕቃ መደብርና በየመንገዱ ዳር የተደረደረውን ቢመለከት፣ በአንድ በኩል በረዶ የለበሰ ተራራና ሐይቅ፣ በአበባ ማስቀመጫ የተሞላ ጽጌረዳ፣ የታወቁ ኳስ ተጫዋቾች ይታዩታል። በሌላ በኩል ደግሞ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የታተሙ የእመቤታችን፣ የመላእክትና የጻድቃን ሥዕሎች ተሰልፈዋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የትኛውን ይግዛ?

የበረዶውን ተራራ ቢወስድላት እናቲቱ “ተባረክ ልጄ” ብላ ተቀብላ ትሰቅለዋለች። ጎረቤት ሲመጣም “ልጄ ያመጣልኝ ነው” እያለች ታሳያለች። ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲነጠቅ የሚያሳየውን ቢወስድላት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፊቱ ቆማ ታማትባለች፤ እጅ ትነሣለች፤ የራቀ ልጇን አደራ ትልበታለች። የመጀመሪያው ሥዕል ይታያል፤ ሁለተኛው ይሳለሙታል። ስለዚህም ሥዕል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው “የትኛው ያምራል?” ብሎ ሳይሆን “ተቀባዩ በዚህ ሥዕል ፊት ምን ያደርጋል?” ብሎ ነው እንላለን።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሥዕለ አድኅኖ የቤት ጌጥ አይደለም። በካህን ተባርኮ በክብር ቦታ ይቀመጣል፤ በአብዛኛውም መጋረጃ ይደረግለታል፤ ሲገለጥም በጸሎት ነው። ዛሬ ግን የቅዱሳን ሥዕል በግድግዳ ሰዓት ላይ፣ በቁልፍ መያዣ ላይ፣ ከመጠጥ ጠርሙሶች በላይ ሳይቀር ተለጥፎ እናየዋለን። የሻጩ ዓላማ እንጀራ ነው፤ የገዢውም ዓላማ ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የተሳለሙት ወረቀት ነገ ቀለሙ ሲለቅ ከቆሻሻ ጋር የሚጣል ከሆነ፣ ፍቅሩ ወደ ንቀት መለወጡ አይቀርም። በዚህ ረገድ እኛም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። በየበዓሉ በገጻችን ላይ ቅዱስ ሥዕል እናትማለን፤ ጋዜጣው በማግሥቱ የበርበሬ መጠቅለያ ሲሆን ዝም ብለን አይተናል። ወቀሳውን ከራሳችን ጀምረን ለሌላው ብናካፍል ነውር አይሆንብንም።

ሥዕለ አድኅኖ ለመስጠት የወሰነ ሰው ደግሞ የሚገዛውን ሊያውቅ ይገባዋል። የአገራችን ሥዕል የራሱ ቋንቋ አለው። ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች በጎን ተሥለው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። ምስለ ፍቁር ወልዳ በሚባለው ሥዕል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ትመለከታለች። ነቢዩ ኤልያስም ቁራዎች ሲመግቡት ወይም በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ይታወቃል። በደብረ ታቦር ሥዕል ደግሞ ከሙሴ ጋር በጌታ አጠገብ ይቆማል። ታሪኩን ያልተማረ ሥራ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያንጸባርቅ፣ ፊደል ሳያውቁ የተጻፈ ደብዳቤ ማለት ነው።

ይህን ስንል ከውጭ የመጣ ኅትመት ሁሉ ይወገዝ ማለታችን እንዳልሆነ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ታሪካችንም እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1590ና በ1591 በሮም ከተማ በእንጨት ቅርጽ በተቀረጹ ሥዕሎች የተጌጠ የዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር። ያ መጽሐፍ ወደ አገራችን ዘልቆ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓልያን ለብራና መጻሕፍቶቻቸው አርአያ አድርገውታል። በሮም ቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕልም ቅጂው ወደ እኛ ደርሶ፣ ዛሬ “የኢትዮጵያ ነው” ብለን በምናውቀው መልክ ተወርሷል። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም በደብረ ወርቅ ማርያም፣ በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ሣላት የሚነገርላት ሥዕል ትከበራለች። አባቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣውን ሥዕል አልጠሉም፤ አልፈሩምም። ነገር ግን እንዳለ አልሰቀሉትም። በራሳቸው ዓይን አይተው፣ በራሳቸው ቀለም በጥብጠው፣ የራሳቸውን ልብስ አልብሰው ዳግመኛ ሣሉት እንጂ። የእኛ ዘመን ችግር ኅትመቱ መምጣቱ ሳይሆን፣ ከመጣ በኋላ እጃችን ሥራ መፍታቱ ነው።

እጁስ ጠፍቷልን? አልጠፋም። ከዚያው ከቢቸና ምድር የወጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው በክህነት አገልግሎት ያደጉ፣ በኋላም በአዲስ አበባ በብሩሻቸው የኖሩ ሠዓሊ ናቸው። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል፤ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸውም መጽሐፍ ታትሟል። የቢቸናን ልጅ ሥራ ባሕር ማዶ ያለ ተመልካች ተሰልፎ ሲያይ፣ እኛ የማናውቀውን የባዕድ ሐይቅ በፍሬም አድርገን መስቀላችን አያስቆጭም ትላላችሁ? አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት ሠዓልያንን ሲያስመርቅ ኖሯል። በየከተማው በብራና፣ በቆዳና በሸራ ላይ የሚሠሩ ብዙ እጆች አሉ።

“የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ለባለ ገንዘብ እንጂ ለእኛ አይሆንም” የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። እውነት አለው። ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ያየው ብቸኛ ሥዕል በሳንቲም የተገዛ ወረቀት ነበር፤ በዚያ ወረቀት ፊት የተጸለየው ጸሎትም ከወርቅ ክፈፍ ፊት ከተጸለየው አያንስም። ስለዚህ ኅትመት የሚገዛ ሰው አያፍርም። ነገር ግን ከኅትመትም ኅትመት ይመረጣል። የአገር ሠዓሊ ሥራ በፈቃዱ ታትሞ ሲሸጥ ገዢው ርካሽ ያገኛል፤ ሠዓሊውም አይጎዳም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ “የመስቀል አበባ” የተባለውን ሥራቸውን ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ከሟች ቤት እንደ መስረቅ ይቆጠራል። ሻጩን “ይህ የማን ሥራ ነው?” ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። መልሱን የሚያውቅ ሻጭ ዘንድ መግዛት ይሻላል።

ጌጥ ለሚፈልግም ቢሆን አገር በቀል ምሳሌ አላጣንም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቱሪዝምን ሥራ ሲመሩ፣ “የ13 ወር ጸጋ” በሚል መሪ ቃል ያሳተሟቸው ትልልቅ ሥዕላዊ ማስታወቂያዎች የአገርን መልክ ለዓለም አሳይተዋል። በየቤቱም ግድግዳ ላይ እንደ ጌጥ ተሰቅለው ኖረዋል። ጳጉሜንን ተሻግረን መስከረም በገባንበት በዚህ ዕለት እነዚያን ማስታወስ ደስ ይላል። የራስን ሰውና የራስን ምድር በክብር ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በጥሩ ወረቀት አትሞ መስቀል እንደሚቻል ያስተምሩናልና።

ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ሥዕል የሚሰጡ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ሥዕል ስጦታ ሊሆን አይችልም። ጥንታዊ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ከሕጉም በላይ፣ አንድ ደብር ለዘመናት ሲሳለመው የኖረውን ሥዕል ገዝቶ ማውጣት የአንድን ሕዝብ ጸሎት እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። አዲስ ተሠርቶ በጢስ የጠቆረ፣ አሮጌ መስሎ የሚሸጥም ሞልቷል። ስለዚህ አዲሱን በአዲስነቱ ገዝቶ፣ የሠዓሊውን ስም አስጽፎ፣ የሚያጠራጥር ከሆነም አስቀድሞ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ መጓዝ ከእንግልት ያድናል።

የተቀባዩን እምነት ማሰብም የጨዋ ሰው ምልክት ነው። አብሮ በኖረ ሕዝብ መካከል የቅዱሳንን ሥዕል የማይሰቅል ጎረቤት አለ። ለሙስሊም ጎረቤት በውብ የዐረብኛ ጽሕፈት የተጌጠ ሥራ፣ ለሌላውም የአገሩን ተራራና አበባ የሚያሳይ ሥዕል ቢበረከት ስጦታው ይከበራል። ስጦታ የሰጪውን እምነት ማወጃ ሳይሆን የተቀባዩን ልብ ማክበሪያ ነው።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንበል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ወረቀት ቀለሙ ፈጥኖ ይለቃል። የምድጃ ጢስ ያጠቁረዋል፤ የጭቃ ግድግዳ እርጥበትም ከጀርባው ይበላዋል። በመስታወት ክፈፍ ውስጥ አድርጎ፣ ከጀርባው ካርቶን ደግፎ፣ ከምድጃውና ከመስኮቱ ርቆ ቢሰቀል ዕድሜው ይረዝማል። ብራናም ከውኃና ከብርቱ ሙቀት ይጠበቅ። በገጠር ብዙ ቤቶች ግድግዳቸውን በጋዜጣ እንደሚለብጡ እናውቃለን፤ የእኛም ገጾች ከዚያ ደርሰው የልጆች ማንበቢያ መሆናቸው ያኮራናል። ነገር ግን ሥዕለ አድኅኖውን በሙጫ ከመለጠፍ ይልቅ በምስማር መስቀል ይበጃል፤ ግድግዳው በተለቀለቀ ቁጥር እንዳይቀደድ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚረክሰውን፣ ከሁሉም የሚከብረውን ሥዕል እናስታውስ። ዛሬ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ መልአክና አበባ፣ ፀሐይና ወፍ ሥለው “እንኳን አደረሳችሁ” እያሉ በየደጁ ይመጣሉ። የመልአኩ አንዱ ክንፍ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል፤ ቀለሙም ከመስመሩ ያልፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያ ልጅ ለሥዕሉ የሚያገኘው ሳንቲም በሕይወቱ የተቀበለው የመጀመሪያ የሠዓሊነት ክፍያ ነው። በየሱቁ የታተመ ካርድ ገዝቶ ማዞር እየተለመደ ሲመጣ፣ ይህ የልጅነት እጅ አብሮ እንዳይጠፋ እንሰጋለን። ወላጆች ከካርዱ ይልቅ ወረቀትና ቀለም ይግዙላቸው። ደጁ የተንኳኳበትም ሰው ለራሱ እጅ ሥራ ከታተመው አብልጦ ይክፈል። ሥዕሉንም ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ አይተው፤ ይስቀለው።

ቅዱስ ወንጌል እንደሚነግረን፣ ዛሬ የምናስበው መጥምቁ ዮሐንስ የመጣው በኤልያስ መንፈስና ኃይል ነው። የደብረ ኤልያሷ እናትም በዚህ ዕለት ልጇን ስትጠብቅ በሁለቱም ስም ትጸልያለች። ልጇ በሻንጣው ይዞላት የሚገባው ሥዕል፣ ወረቀትም ይሁን ብራና፣ ማን እንደ ሠራው የሚታወቅ፣ ታሪኩ የቀና፣ እርሷም በፊቱ ለመቆም የማታፍርበት ይሁን። ከዚያ ሥዕል አጠገብ የጎረቤት ሕፃን የሣለው ባለ አንድ ረጅም ክንፍ መልአክ ቢሰቀል፣ ያ ግድግዳ በእውነት ተጊጧል እንላለን።

መልካም አዲስ ዓመት ለአንባብያን ሁሉ!