የ18 ዶላሩ ባንድ

ሲያትል በፑጀት ሳውንድ የባሕር ሰርጥ ዳር የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ወደ 47 ሺህ ሰው የሚይዝ የቤዝቦል ስታዲየም አለ፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ባቡር ፉጨት እስከ መቀመጫው ድረስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 እና 10 ቀን 2018 ያን ስታዲየም የሞላው ሕዝብ የመጣው ፐርል ጃምን ለመስማት ነበር። አንጋፋው የሮክ ባንድ በትውልድ ከተማው ኮንሰርት ካቀረበ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ሲመለስ በየምሽቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ተጫወተ።

የእኛ ታዳሚ ዘፈን ሲጥመው «ይደገም!» ይላል። የፐርል ጃም ወዳጆች ደግሞ ባንዱን የሚከተሉት የማይደግም ስለሆነ ነው። በየምሽቱ ዘፈኖቹም ቅደም ተከተላቸውም ይቀየራሉ። ትናንት ገብቶ የሰማ ሰው ነገ ቢመለስ ሌላ ኮንሰርት ይጠብቀዋል። በ2000 እና በ2001 ባንዱ የአንድ ዙር ጉዞ ኮንሰርቶቹን ቀርጾ 72 አልበሞች አድርጎ ያወጣቸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ምሽት ሌላውን አይተካውም። ስንት አንጋፋ ባንድ ነው ሰው የለመዳቸውን አሥር ዘፈኖች ከከተማ ከተማ እያዞረ የሚኖረው! በሠላሳ ዓመቱም በየምሽቱ አዲስ ዝርዝር ይዞ የሚወጣ ባንድ አድማጩን ያከብራል።

ባንዱ የተወለደው ከሐዘን ነው። በ1990 አንድሩ ዉድ የተባለው የሲያትል ድምፃዊ በሄሮይን ሲሞት፣ የእሱ ባንድ አባላት የነበሩት ጊታሪስቱ ስቶን ጎሳርድና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ አመንት ያለ ዘፋኝ ቀሩ። የቀረጹት ዜማ በካሴት ሳንዲያጎ ደረሰ። እዚያ በነዳጅ ማደያ ሌሊት የሚሠራና የባሕር ሞገድ መንሸራተት የሚወድ ኤዲ ቬደር የሚባል ወጣት ግጥምና ድምፁን ጨምሮበት መልሶ ላከው። ኦክቶበር 22 ቀን 1990 በሲያትል አንዲት ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ቴን» የተሰኘው አልበማቸው በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ከዚያ ትውልድ የሲያትል ሮክ ዘፋኞች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን በ1994፣ የአሊስ ኢን ቼይንሱ ሌይን ስቴሊ በ2002፣ የሳውንድጋርደኑ ክሪስ ኮርኔል በ2017 አልፈዋል። ፐርል ጃም ራሱ በ2000 በዴንማርክ ሮስኪልዴ ፌስቲቫል ሲጫወት ዘጠኝ ወጣቶች በግፊያ ሞተውበታል፤ ከዚያ በኋላ ለመበተን ተቃርቦ ነበር። በ2018 በሲያትል ስታዲየም የቆመ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የሚዘፍነው፤ በቴፕ የሚሰማ ሰው ይህን ስሜት አያገኘውም።

ኮንሰርቶቹ ሌላም ዓላማ ነበራቸው። በዚያው ዓመት በተደረገ ቆጠራ ሲያትል በምትገኝበት ኪንግ ካውንቲ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ቤት አልባ ነበር። ባንዱ መጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ፤ ከዚያ ነጋዴውንም ምግብ ቤቱንም አስተባብሮ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለዚሁ ችግር አሰባሰበ። ያሳደገውን ከተማ ውለታ እንዲህ የከፈለ ባንድ ብዙ አይገኝም።

ቅሬታው ትኬቱ ላይ ነው። በ1994 ፐርል ጃም ትኬቱ ከ18 ዶላር፣ የአገልግሎት ክፍያውም ከ1 ዶላር ከ80 ሳንቲም እንዳይበልጥ ጠይቆ ነበር። ትኬት ሻጩ ቲኬትማስተር እምቢ ሲል ባንዱ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤት አለ፤ ጎሳርድና አመንትም ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። ሚኒስቴሩ በ1995 ምርመራውን ያለ ውጤት ዘጋ። ከቲኬትማስተር ውጭ ለመጓዝ የተደረገው ሙከራም ባንዱን አደከመው፤ በ1998 ወደዚያው ድርጅት ተመለሰ። ሚኒስቴሩ የቲኬትማስተርን ባለቤት ላይቭ ኔሽንን ፍርድ ቤት ያቆመው በሜይ 2024 ነው፤ ከአቤቱታው 30 ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት ፐርል ጃምን ከመድረኩ ፊት ለፊት ማየት ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ሲያትል የገቡ ኢትዮጵያውያን ቼሪ መንገድና ሬይኒየር ጎዳና ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ ሲከፍቱ፣ የእነ ፐርል ጃም ሙዚቃ በከተማዋ ክለቦች እያደገ ነበር። ልጆቻቸው የሰፈራቸውን ባንድ በአካል መስማት ይገባቸዋል፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲሄዱ ግን ለትኬት ብቻ የሚወጣው ብር የወር አስቤዛ ያህላል።

ባንዱ በሌላ ከተማ የወደደውን ዋጋ ይቁረጥ። በሲያትል ግን ቢያንስ የላይኛውን ረድፍ መቀመጫዎች ራሱ በ1994 በጠየቀው ዋጋ ያቅርባቸው። ያኔ የነበረው 18 ዶላር በዛሬ ገንዘብ 40 ዶላር ገደማ ነው።